የድሮ ጠመንጃ የፊት ማነጣጠሪያ እንዴት ይስተካከላል? ሞረድ ከማንሳትህ በፊት ይሄን አንብብ

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ከአያት የወረደ ጠመንጃ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ታሪኩም ቀላል ነው፣ በ1928 ጃንሆይ ጦሩን ይመሩ የነበረው ደሴ ላይ ሆነው ነው፣ ጣልያንም ኅዳር ላይ በአውሮፕላን የደበደበው ለዛ ነው፣ ከዛ ደግሞ ሚያዝያ 1933 ጣልያን ራሱ እዚሁ ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ተሸንፎ መሳሪያውን ጥሎ ሄደ። ስለዚ እዚ አገር ቤልጅግ ሞዘርም የጣልያን ጠመንጃም ብታገኝ አይገርምም። ሚገርመው ሰዉ መሳሪያው ሲስትበት ሚያደርገው ነገር ነው፣ ቀጥታ ሞረድ ያነሳና የፊት ማነጣጠሪያውን ይሞርደዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ እዛ አይደለም፣ ቢሆንም እንኳ ሞረድ የሚፈታው አንዱን አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ብረት አንዴ ከተሞረደ ደግሞ አይመለስም።

መጀመሪያ ስለ ህጉ። የጦር መሳሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ መሳሪያህ ፍቃድ ሊኖረው ግድ ነው፣ የአያቴ ነው ማለት ፍቃድ አይሆንም። ተኩሰህ ምትሞክርበትንም ቦታ ፖሊስ ሳያውቅና ሳይፈቅድ እንዳትሞክረው፣ አሁን ባለንበት ጊዜ የተኩስ ድምፅ የሰማ ሰው ምን እንደሚያስብ አንተም ታውቃለህ። ከጦሳ ተራራ ስር ሆኖ ሁለት ጥይት ልሞክር ሚባል ነገር የለም። የመተኮስ ፍቃድ ካላገኘህ ግን መሳሪያውን መወልወልና ከታች ምነግርህን ፍተሻ ያለ ጥይት መስራት ትችላለህ፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ህግ ይሄ ነው፣ የፊት ማነጣጠሪያ ጥይቱን ተከትሎ ነው ሚሄደው። ጥይቱ ወደ ቀኝ ከሄደ የፊቱን ወደ ቀኝ ትገፋዋለህ። ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ። ጥይቱ ከፍ ካለ የፊቱ ከፍ ማለት አለበት፣ ዝቅ ካለ ዝቅ ማለት አለበት። የኋላው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ እሱ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት ነው ሚገፋው። ሁለቱን እያምታቱ ስንት ሰው ስህተቱን እጥፍ ያደርገዋል መሰለህ፣ ስለዚ የፊቱ ጥይቱን ይከተላል ብለህ ሰደፉ ላይ በቾክ ጻፈው ከፈለግክ።

ይሄን ካወቅክ ሞረዱ ለምን እንደማያዋጣ ይገባሃል። መሞረድ ማለት ማሳጠር ነው፣ ማሳጠር ጥይቱን ወደ ላይ ብቻ ነው ሚወስደው። የድሮ ጠመንጃ ደግሞ አብዛኛው በ100 ሜትር ላይ ሲተኮስ መጀመሪያውኑ ከፍ ነው ሚመታው፣ ምክንያቱም ማነጣጠሪያው የተሰራው ለሩቅ ጦርነት ነው። ለምሳሌ የጀርመኑ ረጅም ሞዘር፣ 98 ሚባለው፣ አንደኛው የአለም ጦርነት ላይ የኋላ ማነጣጠሪያው ከ400 ሜትር ነበር ሚጀምረው። ከዛ በኋላ የመጣው አጭሩ የጀርመን ሞዘር ግን ከ100 እስከ 2000 ሜትር ሚል ቁጥር አለው። እና ከፍ ሚመታ ጠመንጃ ላይ ሞረድ ስታሳርፍ ምን እንደምትሰራ አስበው፣ የባሰ ከፍ ታደርገዋለህ።

መሳሪያህን እወቅ

ሞዘር ከሆነ አፈሙዙ ጋ በቱቦው ዙሪያ የገባ ቀለበት መሰል ማቀፊያ አለ፣ እሱ ላይ ከጎን ወደ ጎን የተፈለፈለ ቦይ አለ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ፣ የፊት ማነጣጠሪያው ትንሽዬ ብረት ሆና እዛ ቦይ ውስጥ ተሸጉጣለች። ቀኝና ግራ በመምታት ትንቀሳቀሳለች። ቁመቷ ግን አይንቀሳቀስም፣ ወይ ትሞረዳለች ወይ በረጅም ትቀየራለች። ሌላ አማራጭ የላትም።

የጣልያኑም ብዙው በዚሁ መንገድ ነው ሚሰራው፣ ግን አጭሩ 38 ሚባለው ሞዴል የኋላ ማነጣጠሪያው ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚ ያለህ ነገር የፊቱ ብቻ ነው። ኤስኬኤስ ከሆነ ደግሞ እድለኛ ነህ፣ የፊቱ ጥርስ ያለው እንደ ቡሎን ሚዞር ነው፣ ወደ ውስጥ ስታዞረው ያጥራል ወደ ውጪ ስታዞረው ይረዝማል፣ ሞረድ ሚባል ነገር አያስፈልገውም፣ ቀኝ ግራው ደግሞ ጥርሱን የያዘችውን ክብ ብረት ወደ ጎን በመግፋት ነው። ለሱ ስሌቱን ብቻ ከታች ተጠቀም። ሞሲን ናጋንት ሚባለው የሩስያ ጠመንጃ ያለህ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ የ1891/30ው ሞዴል ፋብሪካ ላይ ሚስተካከለው ሳንጃው ተሰክቶ ነበር፣ ሳንጃ ከሌለው ወደ ጎን መሄዱ ያለ ነገር ነው።

ማነጣጠሪያውን ሳትነካ ሚታይ

ጥይት እንደሌለው አረጋግጥ። መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስበህ አውጣው፣ ውስጡን በዓይንህም በጣትህም እይ። ከዛ በኋላም ቢሆን አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር።

ሞዘር ሆድ ስር ቃታው ፊትና ኋላ ሁለት ትላልቅ ቡሎኖች አሉ፣ እነሱ ከላሉ ጥይቱ በያንዳንዱ ተኩስ ሌላ ቦታ ነው ሚወድቀው። በልኩ ካቻቪቴ አጥብቃቸው፣ ካቻቪቴው ሰፊና ቦዩን ሞልቶ ሚይዝ ይሁን፣ አለዚያ ጭንቅላቱን ትበላዋለህ። አንዳንዱ ላይ አጠገባቸው ትናንሽ መቆለፊያ ብሎኖች ስላሉ መጀመሪያ እነሱን ፍታ።

አፈሙዙን በባትሪ እይ። ጫፉ ላይ የተጨረመተ ወይ የተጎረደ ነገር ካለ ጥይቱ ሲወጣ ጋዙ ባንድ ጎን ቀድሞ ያመልጥና ይገፋዋል፣ ማነጣጠሪያ ቢሸረፍ ይሻል ነበር። ከዛ እንጨቱን። ደሴ ክረምት ላይ ጉሙና ዝናቡ እንጨት ያሳብጣል፣ ያበጠ እንጨት ቱቦውን ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ነሐሴ ላይ ያስተካከልከው ጠመንጃ ጥር ላይ ሌላ ቦታ ሚመታው ለዛ ነው። ስለዚ ቢቻል በደረቁ ወቅት አስተካክል።

አሁን በጣም ዋናው። ሞዘር ሁሉ አንድ ጥይት አይበላም። ፋብሪካዎቹ ለብዙ አገር ስለሚሰሩ በ7.92ም በ7.65ም በ7 ሚሊም ሞዘር አለ፣ ከውጪ ሲታዩ ደግሞ አንድ አይነት ናቸው። ጥይቱ ገባ ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም። የመቀርቀሪያው ቁጥርና የአካሉ ቁጥርም ካልተመሳሰሉ ከሌላ መሳሪያ ተቀይሮ የገባ ነው፣ ያንን ባለሙያ ሳያይልህ አትተኩስበት። ፊትህ ከዛ ብረት ኋላ ነው ያለው።

የኋላ ማነጣጠሪያውን ተንሸራታች ወደ መጨረሻው ዝቅ አድርገው። ከዚ በኋላ እስክትጨርስ እሱን አትነካውም።

አተኳኮስ

ጥይቱ ካንድ አይነት ይሁን፣ ከሶስት ቦታ የተለቃቀመ ጥይት ይዘህ ማነጣጠሪያ አስተካክላለሁ ማለት ልፋት ነው። በ50 ሜትር ጀምር፣ ወረቀቱ ሰፊ ይሁን፣ ካርቶን ላይ ለጥፈህ መሀሉ ላይ ጥቁር ክብ ሳል። ኋላው ከፍ ያለ ጉብታ ወይ አፈር ይሁን፣ ድንጋይ አይደለም፣ ድንጋይ ጥይቱን ይመልሰዋል።

ጆንያ ላይ አሸዋ ሙላና እንጨቱን አሳርፈው። ቱቦውን አይደለም፣ እንጨቱን። ቱቦው ጆንያውን ከነካ ሲተኮስ ይዘላል፣ ጥይቱም አብሮ ይሄዳል።

ስታነጣጥር የፊቱ ጫፍ ከኋላው ቦይ ሁለት ትከሻ ጋር እኩል ይሁን፣ ቀኝና ግራው እኩል ብርሃን ይኑረው። ዓይንህ የፊቱን ብረት ነው ጥርት አድርጎ ሚያየው፣ ኢላማው ይደብዝዝ ግድ የለም። ብዙ ሰው ኢላማውን ጥርት አድርጎ ያይና ብረቱ ይደበዝዝበታል፣ ከዛ ማነጣጠሪያው ተበላሸ ይላል። ፀሀይ ከጎን ስትመታ ብረቱ ያብረቀርቅና ዓይን የበራውን ጎን ብቻ ይይዛል፣ ለሱ የድሮ ሰዎች ዘዴ አሁንም ይሰራል፣ የኩራዝ ጥላሸት ማስያዝ ነው። ኩራዝ ላይ ብረቱን ለትንሽ ጊዜ ያዝ ታደርገዋለህ ጥቁርና ደብዛዛ ይሆናል (ጥይት በአቅራቢያ አይኑር፣ መሳሪያውም ባዶ ይሁን)።

አምስት ጥይት ተኩስ፣ በየመሀሉ ቱቦው ይቀዝቅዝ። በአንድ ጥይት ምንም አትወስን፣ አንድ ጥይት ያንተ ትንፋሽ ሊሆን ይችላል። አምስቱ የወደቁበትን መሀል ፈልግና ከምታነጣጥርበት ነጥብ ስንት ሴንቲ ወደ ጎን ስንት ሴንቲ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች እንደሆነ በሜትር ለካ። አምስቱ ከተበታተኑና መሀል ሚባል ነገር ከሌላቸው አቁም፣ ማነጣጠሪያ አይፈታውም። ወይ ቱቦው አልቋል ወይ ቡሎኑ ላልቷል ወይ ጥይቱ ነው ወይ አንተ ነህ፣ ሌላ ሰው ተኩሶ ይሞክረው።

ከፍታውን በተመለከተ፣ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 አካባቢ፣ በሐረጎ ቁልቁለት ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል እንጂ ጥይትህ በ100 ሜትር ላይ ልዩነቱን አያውቀውም። አየሩ ሲሳሳ ሚመጣው ለውጥ በዚ ርቀት ሚሊሜትሮች ነው። ደሴ ሲያነጣጥር የነበረ ኮምቦልቻ ወርዶ ከሳተ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ስሌቱ

ከኋላ ማነጣጠሪያው እስከ ፊቱ ያለውን ርዝመት በመለኪያ ሜትር ለካ። አጭር ሞዘር ላይ 50 ሴንቲ ገደማ ነው፣ አንተ ግን የራስህን ለካ። ከዛ የሳተውን በዚህ ርዝመት አባዛና በተኮስክበት ርቀት አካፍል፣ ሁሉንም በሚሊሜትር።

ምሳሌ፣ በ100 ሜትር 12 ሴንቲ ወደ ቀኝ ሳተ እንበል። 120 ሲባዛ በ500 ሲካፈል ለ100,000፣ 0.6 ሚሊሜትር ይመጣል። ወደ ቀኝ 0.6 ሚሊ ትገፋዋለህ። በቃ። 50 ሴንቲ ርዝመት ላይ በ100 ሜትር 1 ሚሊ ማለት 20 ሴንቲ ነው፣ በ50 ሜትር ደግሞ 10 ሴንቲ። ይሄን ቁጥር ካየህ በመዶሻ ደህና አድርጎ መምታት ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል።

0.6 ሚሊ እንዴት ይለካል? ካሊፐር ካለህ አለህ። ከሌለህ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ውፍረት አለው፣ ስድስት ቅጠል አጥፈህ ስትጨምቀው 0.6 ገደማ ነው፣ ከብረቱ ጠርዝ አጠገብ አስደግፈህ ታነጻጽረዋለህ። ሻካራ ልኬት ነው ግን ከግምት ይሻላል።

ቀኝና ግራ

ከመምታትህ በፊት ብረቷና ማቀፊያው ላይ በሹል መርፌ ቀጭን መስመር ጫር፣ የነበረችበት ቦታ ማለት ነው። ድሮ በፋብሪካ የተመታ መስመር ካለ እሱን ተጠቀም። ከዛ ዘይት ጠብ አድርግና አንድ ሌሊት ተወው፣ ሰማንያ አመት የተቀመጠ ብረት ካልረጠበ አይነቃነቅም። ቦዩ ጠርዝ ላይ በሹል ብረት የተመታ ነጥብ ካለ ብረቷ እንዳትንቀሳቀስ የተቆለፈች ናት፣ አጥብቆ መምታት ሳይሆን ያንን ነጥብ በቀስታ ማላላት ነው።

መቀርቀሪያውን አውጥተህ ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ በቆዳ ወይ በእንጨት አስረው፣ ቱቦውን በባዶ ብረት አትጨምቅ። ከማቀፊያው ስር ደህና እንጨት አስደግፍ፣ አለዚያ ምቱን ቱቦው ነው ሚቀበለው። መዶሻው ትንሽ ይሁን፣ መሀል ላይ የናስ ዘንግ አድርግ፣ ብረት ለብረት አይደለም፣ የብረት ዘንግ ጠርዙን ይበላዋል። ከታች ነው ምትመታው፣ ቦዩ አጠገብ፣ ጫፏን ከመታህ ትጎብጣለች። ጠብ ጠብ እያደረክ መስመሩን እያየህ። ከጨረስክ በኋላ ብረቷ በጣት ምትነቃነቅ ከሆነ ወይ ቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭ ስር ታስገባለህ ወይ ሎክታይት ሚባለውን የቡሎን ማጣበቂያ ጠብ ታደርጋለህ። ብየዳ ቤት እንዳትወስዳት አደራ፣ እዚ ከተማ ብየዳ ለሁሉ ነገር መድሀኒት ይመስላል፣ ግን ሙቀቱ ቱቦውን ያበላሻል፣ በእርሳስ የተጣበቀ ማቀፊያ ከሆነ ደግሞ እሱም ይቀልጣል።

ከፍና ዝቅ

እዚ ላይ ነው ትዕግስት ሚያስፈልገው። ጎኑን ሳትጨርስ ወደዚ አትምጣ።

ጥይቱ ዝቅ ብሎ ከመታ ብረቷ ረዝማለች፣ መሞረድ ይቻላል። ያን ጊዜም ስሌቱን ሰርተህ ከሚያስፈልገው ሶስት አራተኛውን ብቻ ሞርደህ አቁምና ተኩሰህ እይ። ሞረዱ ለስላሳው ይሁን፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሂድ፣ አናቷ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ይሁን። ሞዘር ላይ ብዙ ጊዜ አናቷ እንደ ተገለበጠ ቪ ሹል ስለሆነች ስትሞርዳት ጫፏ እየሰፋ ይመጣል፣ ሲሰፋ ደግሞ ኢላማውን ይሸፍናል፣ ያን ጊዜ ጎንና ጎኗን እኩል አድርገህ ማቅጠን ይመጣል፣ አንዱን ጎን ካበዛህ ቀኝ ግራው ተመልሶ ይበላሻል። 0.1 ሚሊ በ100 ሜትር 2 ሴንቲ መሆኑን አስታውስ። ማቀፊያውን በፕላስተር ሸፍነው እንዳይቧጠጥ። ከጨረስክ በኋላ ነጭ የሆነውን ብረት ዘይት ቀባው፣ ካልሆነ በደሴ አየር ሳምንት ሳይሞላ ይዝጋል።

ጥይቱ ከፍ ካለ፣ እሱም አብዛኛው ሰው ያለበት ነው፣ ረጅም ብረት ያስፈልግሃል። ስንት ሚሊ እንደሚረዝም ሳታውቅ ግን አታሰራ። መጀመሪያ በርካሽ ሞክረው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልጣጭ ከብረቷ ትንሽ ጠበብ ያለ ፈልግና ሽቦውን መዘህ አውጥተህ ፕላስቲኩን ብቻ ብረቷ ላይ እንደ ኮፍያ አጥልቅላት፣ ከሚያስፈልገው ረዘም አድርገህ ቁረጠው። አሁን ጥይቱ ዝቅ ይላል፣ ይበል። ከዛ በምላጭ ከፕላስቲኩ አናት ትንሽ ትንሽ እየቆረጥክ ተኩስ፣ ጥይቱ እየወጣ እየወጣ መሀል ይመጣል። ሲመጣ አቁምና ከማቀፊያው እስከ ፕላስቲኩ አናት ያለውን ቁመት ለካ። ያ ቁጥር ነው ምትፈልገው።

ቁጥሩን ይዘህ ቶርኖ ቤት ሂድ፣ አሮጌዋን ብረትም ናሙና አድርገህ ውሰድ፣ ጠመንጃውን ይዘህ ከተማ መሀል አትዙር፣ ብረቷ ብቻዋን ትበቃለች። የታችኛው እግሯ ልክ እንደ አሮጌዋ፣ ቁመቷ ግማሽ ሚሊ ትርፍ ይኑራት በለው፣ ትርፉን አንተ ሞርደህ ትጨርሰዋለህ። አሮጌዋን እንዳትጥል። የአያት ጠመንጃ ከሆነ ኦሪጅናሏ ሳትሞረድ ጨርቅ ውስጥ ተቀምጣ ትቆይ፣ ነገ ልጅህ እንደነበረ ልመልሰው ቢል ይመልሰዋል። እኔን ብትጠይቀኝ እንደውም የአባት መሳሪያ በአመት አንዴ ለሚተኮስ ነገር ከፍ ሚመታውን አውቀህ ዝቅ አድርገህ ማነጣጠር ይበቃል፣ ምንም ሳትነካው። ቀኝ ግራው ግን ይስተካከል፣ እሱ ምንም ጉዳት የለውም።

የመጨረሻ ተኩስና ማጽዳት

በ50 ሜትር ከተስተካከለ በ100 ሜትር አረጋግጥ፣ እንደገና አምስት ጥይት። ከልክ 3 እና 4 ሴንቲ ቢወጣ ተወው፣ የድሮ ጠመንጃና የድሮ ጥይት ከዛ በላይ አይጠየቅም። አዲሷን ቦታ በመርፌ መስመር ጫርና ብረቱ ምን ጥይት እንደለመደ፣ በስንት ሜትር እንደተስተካከለ ወረቀት ላይ ጽፈህ ከፍቃዱ ጋር አስቀምጠው።

የድሮ ጥይት ቀስቃሽ (ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው መለኮሻ) ሲቃጠል ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨውን አያሟሟውም፣ ውሃ ነው ሚያሟሟው። ስለዚ በዛኑ ቀን መቀርቀሪያውን አውጥተህ ሙቅ ውሃ ከኋላ በኩል በቱቦው አሳልፍ፣ እንጨቱ እንዳይርስ አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ፣ ከዛ በደረቅ ጨርቅ እስኪነጣ ወልውል፣ ሲደርቅ ቀጭን ዘይት ቀባ። የቆዳ ሽፋን ውስጥ ከተህ አታስቀምጥ፣ ቆዳ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይዞ ነው ሚከርመው፣ የፊት ማነጣጠሪያዋ ቦይ ውስጥ ዝገት ከገባ ደግሞ ሚቀጥለው ጊዜ በመዶሻም አትነቃነቅም። ጥይቱ ለብቻው፣ መሳሪያው ለብቻው፣ ሁለቱም ተቆልፎ፣ ልጆች ማይደርሱበት።